ዕውቀት በምን ይለካ ነበር?

በሾላ ገበያ እህል በኪሎ፣ ጨርቅ በሜትር ይሸጣል። በዚያው ገበያ ልብስ ሲሰፋ ብዙ ዘመን የኖረ ባለሙያ ግን ዕውቀትህ ምን ያህል ነው ተብሎ ቢጠየቅ መለኪያ አያገኝለትም። ደንበኛው ያውቀዋል፤ መሥሪያ ቤት የሚያውቀው ወረቀቱን ነው። ይህ ልዩነት እንዴት እንደ መጣ ለመረዳት ወደ ቀድሞው ትምህርት ቤት መመለስ ያስፈልጋል።

በቤተ ክህነት ትምህርት ተማሪው የሚለካው በቆየበት ዓመት ብዛት አይደለም። ፊደል ለይቶ፣ አቡጊዳንና ወንጌልን ዘልቆ 150ውን መዝሙረ ዳዊት ሲደግም ከንባብ ቤት ወጣ ይባላል። ቅኔ ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ ደረጃው የሚታወቀው በቅኔው ስም ነው። በ2 ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ 3 ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ እንዲህ እያለ 8 ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። በየዕለቱ የቈጠረውን ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታም ያርሙታል። የት ደረስህ ቢሉት ዘአምላኪየ ላይ ነኝ ይላል እንጂ ዓመት አይቈጥርም። አንዱ ፈጥኖ፣ ሌላው ዘግይቶ ቢደርስም መወድስ የሞላ ሁሉ እኩል መወድስ የሞላ ነው። ድጓ የተማረም ጋይንት ቤተ ልሔም ሄዶ ያስመሰክራል። የምስክር ወረቀት በምንለው ስም ውስጥ ያ ቃል ዛሬም አለ፤ ወረቀቱ ግን ያን ጊዜ አልነበረም። በእኔ አስተያየት የዚህ ሥርዓት ጥንካሬ ፈታኙ ተማሪውን በዓይኑ ማየቱ ሲሆን፣ ድክመቱም ከጉባኤው ውጭ ላለ ሰው ምንም አለመናገሩ ነው።

በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ ዘመናዊው ትምህርት እየሰፋ ሄደ፤ ዕድገትም በክፍል ይቈጠር ጀመር። የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪና የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ የሰው ዕድል መክፈቻና መዝጊያ ሆኑ። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም መጥቶ በ2012 ዓ.ም. ቀርቷል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት 12 ዓመት የተማሩት ምን እንደሆነ ግን ያ ቍጥር አይነግረንም።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሌላ መንገድ ሞክሮ ነበር። ጎልማሳው የት ተማርህ ሳይባል፣ ማንበብ፣ መጻፍና ማስላት መቻሉ ታይቶ የምስክር ወረቀት ይሰጠው ነበር። ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ለሥራ ልምድ በር ከፈተ። በትምህርት ቤትም ሆነ በሥራ ላይ የተማረ ሰው ለሙያ ብቃት ምዘና መቅረብ ይችላል፤ ደረጃውም በስትራቴጂው ከ1 እስከ 5 ነበር። ይሁን እንጂ ምዘናው ከተግባሩ ጋር የጽሑፍ ፈተናም አለው። የሾላው ልብስ ሰፊ ሱሪውን ቈርጦ ሰፍቶ ሲያስረክብ መዛኙ አይቶ ሊመሰክርለት ይችላል፤ እስክርቢቶ የሚያስጨብጠው ግን ያኛው ክፍል ነው።