የፕሬዝዳንቶቹ ባንክ እና «ጡረታ የወጣው ባለሙያ»

አንድ ተራ ሰው ባንክ ሄዶ ሒሳብ ልክፈት ሲል መታወቂያ አምጣ፣ ፎቶ አምጣ፣ ገንዘቡ ከየት መጣ ይባላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ችግሩ፣ ሁሉም ደንበኛ አይጠየቅም።

ሪግስ የዋሽንግተን ዲሲ ባንክ ነበር። አብርሃም ሊንከን ደንበኛው ነበሩ፤ በ1868 (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ ናቸው) አሜሪካ ለአላስካ የከፈለችው 7.2 ሚሊዮን ዶላርም በዚሁ ባንክ በኩል አልፏል። «የፕሬዝዳንቶች ባንክ» የተባለውም ያለ ምክንያት አይደለም።

በ1994 የባንኩ ከፍተኛ ኃላፊዎች ቺሊ ድረስ ሄደው አንድን ሰው ደንበኛችን ሁን አሉት። ልብ በሉ፣ የሄደው ሰውየው አይደለም፤ ባንኩ ነው። ሰውየው ደግሞ አውጉስቶ ፒኖቼ ነው፤ ከ1973 እስከ 1990 ቺሊን የገዛው፣ በዘመኑ ከ3,000 በላይ ሰዎች የተገደሉበት ወይም ደብዛቸው የጠፋበት ጄኔራል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የአሜሪካ ሴኔት መርማሪ ንዑስ ኮሚቴ በሐምሌ 2004 ይፋ አደረገው። ባንኩ ለጄኔራሉ ባሐማስ ውስጥ በስም ብቻ ያሉ ኩባንያዎች አቋቁሞለታል። የደንበኛው ማንነት በሚሞላበት ቅጽ ላይ ፒኖቼ የሚል ስም የለም፤ በሙያው የተሳካለት፣ ለጡረታው ሀብት ያጠራቀመ ጡረተኛ ባለሙያ ተብሏል። በ1998 ለንደን ውስጥ ሲያዝና የስፔን ፍርድ ቤት ንብረቱ እንዲታገድ ሲያዝ፣ ባንኩ 1.6 ሚሊዮን ዶላር ከለንደን ወደ አሜሪካ አሻገረለት። የግል ሒሳቡም ስሙ ተቀየረ፤ በፍለጋ እንዳይገኝ «ፒኖቼ» የሚለው ወጣ። ኋላም እያንዳንዳቸው የ50,000 ዶላር የሆኑ፣ በድምሩ ከ1.9 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጡ ሲፒኦዎች ቺሊ ድረስ ደረሱለት።

ይህን ቸልተኝነት ማለት ስድብ ይሆናል። ቸልተኛ ሰው ይህን ያህል አይደክምም።

ፒኖቼ ብቻውንም አልነበረም። የባንኩ ትልቁ ደንበኛ ነዳጅ ያገኘችው ኢኳቶሪያል ጊኒ ነበረች፤ በእሷና በባለሥልጣናቷ ስም ከ60 በላይ ሒሳቦች ነበሩ። ጥሬ ገንዘብ በሻንጣ ይገባ ነበር። በአሜሪካ ሕግ ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ሪፖርት መደረግ አለበት፤ እዚህ የገባው ግን በሚሊዮን ነው። ተቆጣጣሪውስ? ሪግስን ይመረምር የነበረው የመንግሥት ኃላፊ፣ የፒኖቼ ሰነድ ወደ ኤሌክትሮኒክ መዝገብ እንዳይገባ ማዘዙን ሪፖርቱ ይገልጻል። ብዙም ሳይቆይ የሪግስ ተቀጣሪ ሆነ።

ባንኩ በ2004 25 ሚሊዮን፣ በ2005 ደግሞ 16 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። ለፒኖቼ ሰለባዎች ፈንድ ከባንኩና ከባለቤቶቹ የተከፈለው 9 ሚሊዮን ዶላር ነው። በዚያው ዓመት ፒኤንሲ የተባለ ሌላ ባንክ ሪግስን ገዝቶ ስሙን አወረደው። ቺሊ ውስጥ «ጨካኝ ይሁን እንጂ ሌባ አይደለም» ይሉ የነበሩ ደጋፊዎቹ ብዙዎቹ ዝም አሉ። ጄኔራሉ ግን አንድም ጥፋተኛ ሳይባል በታኅሣሥ 2006 ሞተ።