ምርጫ 97 በአዲስ አበባ

ምርጫ 97፦ ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የተካሄደው ሦስተኛው ሀገር አቀፍ ምርጫ። በቴሌቪዥን በቀጥታ የተላለፉ የፓርቲዎች ክርክሮች ሕዝቡን አነቃቅተውት ነበር፤ ሚያዝያ 30 ቀን የተቃዋሚዎች ጥምረት የሆነው የቅንጅት ደጋፊዎች መስቀል አደባባይን አጥለቀለቁት።

በዋና ከተማዋ ገዥው ፓርቲ ኢሕአዴግ ተሸነፈ። ከመሀል ከተማ እስከ ምዕራቡ ዳርቻ፣ እስከ ኮልፌ ቀራኒዮ ድረስ፣ 23ቱንም የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎችና ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮች 137ቱን ቅንጅት ወሰደ።

ሆኖም ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በምርጫው ዕለት ማታ በከተማዋ ሰልፍን ለአንድ ወር አገዱ። የድምፅ ቆጠራው ሲያወዛግብ ቁጣው ወደ ጎዳና ወጣ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በተነሡት ተቃውሞዎች የጸጥታ ኃይሎች ተኮሱ። በፓርላማ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን መዘገበ። ምክትል ሰብሳቢው ወልደ ሚካኤል መሸሻ ከሀገር ወጥተው ግኝቱን ይፋ አደረጉ።

በከንቲባነት የተመረጡት ብርሃኑ ነጋ ቢሯቸው ሳይገቡ ታሰሩ። አብረዋቸው የታሰሩት የቅንጅት መሪዎች በይቅርታ የተፈቱት በ1999 ነው።

ማሻሻያ የጠየቀው መራጭ በምላሹ ያገኘው ጠበቅ ያሉ ሕጎችን ነበር፤ የበጎ አድራጎትና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 እና የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ወጡ። በ2007 ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም መቀመጫዎች ያዙ፤ በ2008 መጀመሪያ ግን ኦሮሚያ በተቃውሞ ተናጠች። ታስረው ከነበሩት የቅንጅት መሪዎች አንዷ ብርቱካን ሚደቅሳ በ2011 የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ።