ነዳጅና ፍጥነት በሳሪስ መንገድ

አዲስ አበባ ከእንጦጦ ግርጌ ተነሥታ ወደ ደቡብ የምትወርድ ከተማ በመሆኗ፣ ዛሬ ንፋስ ስልክ ላፍቶ በሚባለው ክፍለ ከተማ የሚያልፉት መንገዶች፣ በተለይም ከጎተራ በአደይ አበባና በሳሪስ በኩል ወደ ቃሊቲ የሚዘልቀው የደብረ ዘይት መንገድ፣ በመሄጃና በመመለሻ ጠባያቸው አንድ አይደለም፤ ሲወርዱ መኪናው በራሱ ክብደት ይንደረደራል፣ ሲመለሱ ግን ዳገቱ በነዳጅ ይከፈላል። በዚህ ላይ አካባቢው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ቱርቦ ማለትም አየርን ጨምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ የሌለው መኪና፣ አየሩ ስስ በመሆኑ ምክንያት በባሕር ዳርቻ ከሚሰጠው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል።

ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948፣ የቶዮታ ላንድክሩዘር የመጀመሪያው ሞዴል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1951 ተሠርተው፣ ቆይተው በኢትዮጵያ የመስክ ሥራ መኪኖች በሆኑበት ዘመን፣ ነዳጅ መቆጠብ የሹፌሩ የእጅና የእግር ሙያ ነበር። ካምቢዮው በእጅ ስለሚቀየር ሞተሩ ሳይጮህ ማርሽ የሚያሳልፍ፣ ዳገት ሳይደርስ የሚንደረደር፣ አራቱን ጎማ በአንድነት የሚያንቀሳቅሰውን ማርሽ ጭቃ ላይ ብቻ የሚያስገባ ሰው የተመሰገነ ሹፌር ይባል ነበር። ከዚሁ ሙያ ጎን ለጎን ቁልቁለት ላይ ማርሹን «ፍሪ» አድርጎ፣ ማለትም ሞተሩን ከጎማው አላቅቆ፣ የመውረድ ልማድ ተስፋፋ። ልማዱ በካርቡሬተር ዘመን ጥቂት ቤንዚን ያተርፍ እንደነበር አይካድም፤ የትርፉ ዋጋ ግን ሞተሩ ይሰጥ የነበረውን የመያዝ ኃይል አጥቶ ፍሬን ላይ ብቻ መንጠልጠል ነበር። ነዳጅን በኤሌክትሮኒክስ የሚረጩት የኋላ ዘመን ሞተሮች ማርሽ ውስጥ ሆነው ሲወርዱ ነዳጁን ራሳቸው ስለሚዘጉት ዛሬ ያ ትርፍ እንኳ የለም፤ ልማዱ ግን ምክንያቱ ካለፈ በኋላም አልጠፋም።

የነዳጅ ዋጋ የፖለቲካ ጉዳይ የሆነው በ1966 ዓ.ም. ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 የተቀሰቀሰውን የዓረቦችና የእስራኤል ጦርነት ተከትሎ የዓለም የነዳጅ ዋጋ በጥቂት ወራት አራት እጥፍ ገደማ ሲያሻቅብ፣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በቤንዚን ላይ 50 በመቶ ጨመረ፤ የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች በየካቲት ወር ሥራ አቆሙ፣ መንግሥትም በቀናት ውስጥ ከጭማሪው ቀነሰ፣ ሆኖም የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወሩ ሳያልቅ ሥልጣን ለቀቀ። አሜሪካ ለዚያው ችግር የሰጠችው መልስ ሌላ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በጥር 1974 በወጣ ሕግ በመላ አገሪቱ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 55 ማይል፣ ማለትም 88 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲሆን ተደረገ። በኢትዮጵያ ግን ነዳጅ ሲቸግር የሚነካው ዋጋው ወይም፣ በደርግ ዘመን በኩፖን እንደታደለው፣ መጠኑ ነበር፤ ፍጥነት የትራፊክ ፖሊስ ጉዳይ ሆኖ ቀረ።

ይህ የነዳጅና የፍጥነት መለያየት በሕጉ ውስጥም ታይቷል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ፍጥነትን ይወስን የነበረው በተሽከርካሪው ክብደትና በመንገዱ ደረጃ ሲሆን፣ ለአነስተኛ ተሽከርካሪ በከተማ ክልል 60፣ ከከተማ ውጭ በአንደኛ ደረጃ መንገድ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይፈቅድ ነበር፤ ለከባድ ተሽከርካሪ ግን በከተማ 30 ብቻ ነበር። የደንቡ ዓላማ አደጋን መቀነስ ስለነበር ስለ ነዳጅ ፍጆታ የሚለው አልነበረም። ባለታክሲዎች በ1966 ዓ.ም. ስለ ቤንዚን ዋጋ፣ በየካቲት 2008 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ትራፊክ ቅጣት ሥራ ማቆማቸው፣ ሁለቱ ጉዳዮች በሕዝብም ዘንድ የተለያዩ ቅሬታዎች ሆነው እንደኖሩ ያመለክታል።

አውቶማቲክ ማርሽ ያላቸው ትልልቅ የመስክ መኪኖች፣ በተለይም እ.ኤ.አ. በ2007 ገበያ ላይ የዋለውና በአዲስ አበባ «ቪ ኤይት» በሚል ስም የባለሥልጣን መለያ ሆኖ የቆየው ላንድክሩዘር፣ የድሮውን የሹፌር ሙያ ከእጁ ወሰዱት። በእነዚህ መኪኖች ውስጥ የፍሪሲዮንን ቦታ የሚይዘው ቶርክ ኮንቨርተር፣ ማለትም በዘይት ውስጥ ፊት ለፊት የሚሽከረከሩ ሁለት ክንፎች ያሉት መሣሪያ፣ ጉልበትን በዘይቱ አማካይነት ስለሚያስተላልፍ ከጉልበቱ ጥቂቱ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይባክናል። ብክነቱ የሚቆመው መኪናው በቂ ፍጥነት ይዞ ሁለቱን ክንፎች አንድ ላይ የሚቆልፈው ክፍል ሲሠራ ነው። ስለዚህ በሳሪስ አቦ መጨናነቅ ውስጥ እየቆመና እየተነሣ የሚሄድ አውቶማቲክ መኪና ከሁሉ በላይ ያባክናል፤ በቀለበት መንገድ ላይ፣ ከሃና ማርያም ወደ ለቡ፣ እኩል በሆነ መካከለኛ ፍጥነት ሲሄድ ደግሞ የሚቻለውን ያህል ይቆጥባል። የሕጉ የፍጥነት ወሰንና የሞተሩ ምቾት እዚህ ላይ መቀራረባቸው ማንም ያሰበበት አይመስልም። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ በጀመረውና 120 በሚፈቅደው የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ግን ሁለቱ ይራራቃሉ፤ የአየር ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ በ120 የሚሄድ መኪና በ80 ከሚሄደው ከሁለት እጥፍ በላይ የአየር ተቃውሞ ይገጥመዋል፣ ግንባሩ ሰፊና ቁመቱ ረጅም የሆነው የመስክ መኪና ደግሞ ከሌላው የባሰ ይከፍላል።

የነዳጅ ድጎማ በነበረበት ዘመን ይህ ሁሉ ስሌት በተለይ በመንግሥት መኪና ለሚጓዝ ሰው ትርጉም አልነበረውም። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሣት ሲጀምር በአዲስ አበባ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ሆነ፤ በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ደረሰ። በመካከሉ፣ በ2016 ዓ.ም.፣ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወሰነ። በዚህም ነዳጅ የመኪና ዓይነት መምረጫ መስፈርት ሆነ፤ ቀድሞ የገቡት አውቶማቲክ የመስክ መኪኖች ግን በሳሪስ መንገድ ላይ መጓዛቸውን ቀጥለዋል።