ስህተቱን የቆጠረው ሐኪም

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 6 ቀን 1915 የቦስተን ሐኪሞች ተሰብስበው ነበር። መድረኩን የመራው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት አሞሪ ኮድማን በስብሰባው መጨረሻ አንድ ትልቅ ሥዕል ገለጠ። ሥዕሉ ላይ ጭንቅላቷን አሸዋ ውስጥ የቀበረች ሰጎን የወርቅ እንቁላል ለሐኪሞቹ ትጥላለች። ሰጎኗ የከተማዋ የባክ ቤይ ሰፈር ባለጸጎች ነበሩ። ገንዘባቸውን ይከፍላሉ፤ የተከፈለበት ሕክምና ያድን አያድን ግን አይጠይቁም። አዳራሹ በቁጣ ታመሰ። ኮድማን ሊቀመንበርነቱን ለቀቀ፤ በሃርቫርድ የነበረውን የማስተማር ሥራም አጣ።

ይህን ሁሉ ያመጣበት ጥያቄ አጭር ነበር፦ ያከምነው ሰው ዳነ ወይ? ካልዳነስ ለምን?

ጥያቄው ከተማሪነቱ ጀምሮ አብሮት የኖረ ነው። በ1890ዎቹ ታካሚን በኤተር የማደንዘዝ ሥራ ልምድ ለሌላቸው ተማሪዎች ይተው ነበር። በኋላ በአንጎል ቀዶ ሕክምና ስሙ የገነነው ጓደኛው ሃርቪ ኩሺንግ ያደነዘዘው ታካሚ እጁ ላይ ሞተበት። ሁለቱ ወጣቶች ማን የተሻለ እንደሚያደነዝዝ በእራት ተወራረዱ። ታካሚው ተኝቶ ሳለ የልብ ምቱን እየተከታተሉ የሚጽፉበት ቅጽም አዘጋጁ። የማደንዘዣ መዝገብ ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ኮድማን ሐኪም ከሆነ በኋላ ይህንኑ ልማድ ወደ ሕክምናው ሁሉ አሰፋው። ለእያንዳንዱ ታካሚ አንዲት ካርድ ያዘ፦ ምን አሞት መጣ? ምን ተደረገለት? ዓመት ሲሞላውስ እንዴት ሆኖ ተገኘ? ይሠራበት በነበረው የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ሹመት በአገልግሎት ዘመን እንጂ በውጤት ስላልነበረ በ1914 ሥራውን ለቀቀ። ቀደም ብሎ በ1911 የራሱን ትንሽ ሆስፒታል ከፍቶ ነበር። እስከ 1916 ከዚያ ከወጡት 337 ታካሚዎች መዝገብ ውስጥ 123 ስህተቶችን ለቅሞ አወጣ። አንዱን የእጅ ጥበብ ጉድለት፣ ሌላውን የተሳሳተ ውሳኔ፣ ሌላውን የምርመራ ስህተት እያለ በየምክንያቱ ለየው። ከዚያም በገዛ ስሙ አሳትሞ ለሌሎች ሆስፒታሎች ላከ።

ሌሎቹ ግን ለዚህ አልደፈሩም። የአሜሪካ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ 100 እና ከዚያ በላይ አልጋ ያላቸውን 692 ሆስፒታሎች ሲመረምር ዝቅተኛውን መስፈርት ያሟሉት 89 ብቻ ሆኑ። በ1919 የሆስፒታሎቹ ስም ዝርዝር ጋዜጠኞች እጅ እንዳይገባ በኒውዮርኩ ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ምድጃ ውስጥ ተቃጠለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው ለታማሚ ነው፤ ያን ጊዜ በሽታቸውን የደበቁት አካሚዎቹ ነበሩ።

ኮድማን በ1940 አረፈ። መቃብሩ የስም ድንጋይ እንኳ አልነበረውም።

ጥያቄው ግን እዚያው በተማረበት በሃርቫርድ እንደገና ተነሣ። የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች በ1984 በኒውዮርክ ግዛት 51 ሆስፒታሎች ተኝተው ከታከሙ ሰዎች መካከል የ30,121ዱን መዝገብ ገልጠው አነበቡ። በ1991 ይፋ ያደረጉት ውጤት ከ100 ታካሚዎች ወደ 4 የሚጠጉት በበሽታው ሳይሆን በሕክምናው ምክንያት እንደተጎዱ አሳየ። ጉዳት ከደረሰባቸው መካከል 13.6 በመቶው ሞተዋል። ከጉዳቶቹ ሩብ የሚበልጠው በቸልተኝነት የመጣ ነበር። ዛሬ ዓለም ስለ ታካሚ ደኅንነት ሲነጋገር ከሚነሱት ቀደምት ቁጥሮች መካከል እነዚህ ይገኛሉ።

ተመራማሪዎቹ ያነበቡት የሌሎች ሐኪሞችን መዝገብ ነው፤ ያም ቢሆን ትልቅ ሥራ ነበር። ኮድማን ያነበበው ግን የራሱን ነው። እያንዳንዷ ካርድ ላይ ያለው ታካሚ እሱን አምኖ ከቢላዋው ሥር የተኛ ሰው ነበር፤ ያን እምነት የሚመልስበት መንገድ ደግሞ እውነቱን መጻፍ መሰለው። በ2014 የሙያ ልጆቹ መቃብሩ ላይ የስም ድንጋይ አቆሙለት። ሞቶ 74 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር።