ወልድያ ምን የሚታይ አላት?

ጽሑፌን የምጀምረው በኑዛዜ ነው። ተማሪ ሳለሁ አንድ ወደ ላሊበላ የሚጓዙ እንግዳ ወልድያ ላይ ለማደር ወርደው መናኸሪያው በር ላይ አገኙኝ። “ልጄ፣ እዚህ ከተማ ምን የሚታይ ታሪካዊ ነገር አለ?” አሉኝ። እኔም ሳላስብ “እዚህማ ምንም የለም፤ ነገ ላሊበላ ሲደርሱ ያያሉ” ብዬ ሸኘኋቸው። ዘንድሮ ለምሩቃን ቀን ስመጣ ከፕሮግራሙ በፊት ሁለት ቀን ቀደም ብዬ ገባሁ። በእግሬ እየዞርኩ ያንን መልስ መልሼ መላልሼ አሰብኩት። ተሳስቼ ነበር።

ስህተቱ የኔ ብቻ አይደለም። ታሪክ ሲባል ዓይናችን የሚፈልገው ድንጋይ ነው። ጎንደር የፋሲል ግንብ አላት፣ ላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አሏት። ወልድያስ? የሰሜን ወሎ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ጥንት ደግሞ የየጁ አገር እንብርት ነበረች። ከዚህ ምድር የተነሡት የወረሼህ መሳፍንት፣ ከአሊ ጓንጉል ዘመን ከ1776 ዓ.ም ጀምሮ፣ ደጃዝማች ካሣ (በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ) ዳግማዊ ራስ አሊን ሰኔ 1845 ዓ.ም አይሻል ላይ ድል እስኪያደርጓቸው ድረስ፣ ሰባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የጎንደርን ነገሥታት ሲያነግሡና ሲሽሩ ኖረዋል። ታዲያ ይህን ያህል ሥልጣን ያፈራ አገር አንድ ግንብ እንኳ እንዴት አልተረፈውም?

መልሱ ቀላል ነው፤ እኛ ግን አንጠይቀውም። የየጁ መሳፍንት ሥልጣናቸው የነበረው በፈረሰኛ ጦርና በሰፈር ነው። ራስ ጉግሳ መቀመጫቸውን ያደረጉት ደብረ ታቦር እንጂ የጁ አይደለም። ሰው ከዚህ ወጣ፣ ሕንፃው ሌላ ቦታ ተሠራ። የአዲስ አበባን ስም ያወጡት እቴጌ ጣይቱ እንኳ በአባታቸው በኩል ከራስ ጉግሳ የሚወለዱ ናቸው። ወልድያ ውስጥ “ጎንደር በር” የሚባል ሰፈር አለ። ሄዳችሁ ብትፈልጉ በር የለውም፤ ግንብም አልነበረውም። ያለው መንገድና ስሙ ብቻ ነው። ለኔ ግን ያ ስም ራሱ ሐውልት ነው፤ ከተማዋ ፊቷን ወዴት አዙራ እንደኖረች ይናገራል።

ከወልድያ ወደ ደሴ ስትወርዱም ነገሩ ያው ነው። ስሪንቃን፣ መርሳንና ውርጌሳን አልፋችሁ ከሀብሩ ስትወጡ ውጫሌ ትገባላችሁ። እዚያ አጠገብ ይስማ ንጉሥ በተባለው ሥፍራ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም፣ ዐፄ ምኒልክ ከጣሊያን ጋር የውጫሌን ውል ተፈራረሙ። ወደ ዐድዋ ያደረሰን የ17ኛው አንቀጽ ጣጣ የተጀመረው እዚያ ነው። ሆኖም ውሉ የተፈረመበት አዳራሽ የለም፤ ቦታው የጦር ሰፈር ነበርና። ድንኳን ሲነሣ ደግሞ የሚቀረው ሣር ነው። የእስልምናውም ታሪክ እንዲሁ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በየጁ ምድር ዳና ላይ ሸኽ አሕመድ አደም ሲያስተምሩ ደረሶች ከሩቅ አገር እየመጡ ይማሩ ነበር። የዳናን ክብር የተሸከመው ግድግዳው ሳይሆን ከአፍ ወደ አፍ የተላለፈው ትምህርትና መንዙማው ነው።

እንግዲህ በዚህ አገር ታሪክ የተሠራው በድንኳን፣ በመንገድ፣ በእንጨትና በጭቃ ነው ማለት ነው። ይሄ ደግሞ አደጋ አለው። ድንጋይ ማንም ባይንከባከበው እንኳ ቆሞ ይጠብቃል። ጭቃ ግን አይጠብቅም።

ይህን የተማርኩት ከአንድ ቤት ነው። ሁለተኛ ዓመት ሳለን ለስዕል ኮርስ አንድ ነባር ቤት ለክታችሁ አምጡ ተባልን። እኔ የመረጥኩት ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና የምንጠጣባቸውን የእትዬን ቤት ነበር። ቤቱ የድንጋይ መሠረት ላይ የቆመ የጭቃ ቤት ነው። የጥድ ቋሚዎች፣ በልጥ የታሰረ ማገር፣ ከጭድ ጋር ተቦክቶ ቀናት የሰነበተ ምርጊት፣ ላዩ ቆርቆሮ። ፊት ለፊቱ በአራት ምሰሶ የተደገፈ በረንዳ ነበረው። መሠረቱ ከፍ ያለው ጎርፍ ግድግዳውን እንዳያርሰው፣ ቆርቆሮው ወደ ውጭ የረዘመው ዝናብ ምርጊቱን እንዳያጥበው መሆኑን ያስረዱኝ መምህሬ ሳይሆኑ እትዬ ናቸው። ለካሁ፣ ሳልኩ፣ ጥሩ ውጤት አገኘሁበት። ወረቀቱን ግን ስመረቅ ከደብተሮቼ ጋር ዶርም ውስጥ ጥዬው ወጣሁ።

ዘንድሮ ስሄድ ቤቱ የለም። በቦታው ባለ መስታወት ፎቅ ቆሟል፤ እትዬ ከኋላ በኩል ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። “ልጆቼ ለኔው ብለው ነው፤ ጣሪያው ያፈስ ነበር” አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ በሚያፈስ ቤት ኑሩልን ልንላቸው አንችልም። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ግን እንዲህ አሉኝ፦ “ያኔ ቤቴን በሜትር ለክተህ ወረቀት ላይ አስገብተኸው አልነበር? እስቲ ለልጅ ልጆቼ አሳይልኝ።” ምን ልበላቸው? ዝም አልኩ።

ይህ የኔ ጥፋት ነው። ከዚህ የከፋም አይተናል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም ከተማዋ በጦርነቱ እጅ በነበረችባቸው ወራት ዩኒቨርሲቲያችን ተዘርፏል፣ ወድሟል። በ2004 ዓ.ም ተማሪ መቀበል የጀመረ ወጣት ተቋም ገና ባጭር ዕድሜው ይህን አየ። ግቢው ዛሬ ቆሞ ሲያስተምር ማየት ደስ ይላል። ግን የጠፋ ወረቀት እንደ ጠፋ ሕንፃ በጨረታ አይተካም።

ወልድያ አዲስ ነገር አትሥራ እያልኩ አይደለም። ጥር 2009 ዓ.ም የተመረቀው፣ ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዘው የሼክ መሐመድ ሁሴን አሊ አላሙዲ ስታዲየም የከተማዋ ኩራት ነው። ቻይናዎች የሠሩት የወልድያ–ወረታ መንገድ፣ ከዚያም በፊት በጣሊያን ጊዜ የተሠራው የአስመራ–አዲስ አበባ ጎዳና መርሳንም ወልድያንም የዛሬ መልካቸውን ሰጥቷቸዋል። እነዚህም ታሪክ ናቸው፤ ግን ትልልቅ ስለሆኑ ማንም አይረሳቸውም። የሚረሳው የእትዬ በረንዳ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። መምህራን፣ ያንን የድሮ የስዕል ሥራ አሁንም ስጡልን፤ ነገር ግን ወረቀቱ ውጤት ተሰጥቶበት እንዳይጣል፣ ቅጂው ቤተ መጻሕፍት ይግባ። በመርሳ ካምፓስ ያላችሁም የሀብሩን የገጠር ቤት፣ ጎተራና በረት አትርሱ። ምሩቃን ደግሞ በየአልበማችሁ ከጀርባው አሮጌ ቤት የሚታይበት ፎቶ አይጠፋም፤ ፊታችሁን ሳይሆን ጀርባውን አይታችሁ፣ ቦታውንና ዓመቱን ጽፋችሁ ላኩ። እኔ ከእትዬ ጋር ተቀምጬ ቤቱን ከትዝታ እንደገና ስያለሁ። እሳቸው “በሩ እዚህ ጋ አልነበረም” እያሉ አርመውኛል። ልኬቱ ትክክል አይሆንም፤ ግን የመጀመሪያው ወረቀት ይሁን ብዬ ለቤተ መጻሕፍቱ ሰጥቻለሁ።

ያ እንግዳ ዛሬ መናኸሪያው በር ላይ ቢያገኙኝ “አንድ ቀን ይጨምሩና ይደሩ፤ እኔ አዞርዎታለሁ” እላቸዋለሁ።