ከመጠምጠም በፊት

የመጀመሪያ ዲግሪያችንን ልንቀበል የተቃረብን ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞናል፤ ቀጥሎስ ምን እንማር? ከገርጂ እስከ ሲ.ኤም.ሲ.፣ አልፎም እስከ ኮተቤ ቢኬድ ሁለተኛ ዲግሪ የሚሰጥ ተቋም አይጠፋም። ቦሌ ላይ ደግሞ ወደ ውጭ የሚያሻግረው በር አለ። ታዲያ ምርጫው ሲበዛ ጭንቀቱም በዛ። ማታ ማታ በየመኝታ ክፍሉ «የትኛው ያዋጣል?» እየተባባልን እንከራከራለን። ከኛ በፊት የነበሩት ይህንን እንዴት እንደተወጡት መለስ ብለን እንይ። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ድሮ ድሮ መራጩ ተማሪው አልነበረም፤ መንግሥት ነበር። አፈወርቅ ተክሌ በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና ተምረው እንዲመለሱ ነበር። ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበሩ። እዚያ ሲደርሱ ግን ልባቸው ወደ ሥዕል አደላ፤ ለንደን ውስጥ ሥነ ጥበብ ተማሩ። አገር አንድ መሐንዲስ ቀረባት። ምን እንዳተረፈች ግን የአፍሪካ አዳራሽን ባለቀለም መስኮቶች ያየ ይመስክር።

በ1950 የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። ቢሆንም ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ የፈለገ ባሕር መሻገር ነበረበት። በ1962 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ጄት ሲያስመጣ የልደታ ሜዳ አልበቃ አለና ተረኛው ቦሌ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቦሌ ማለት ለተማሪ ስኮላርሺፕ ማለት ሆነ። በዚያ በር ወጥቶ የተመለሰ አለ፤ በተለይ ከ1974 አብዮት በኋላ ወጥቶ የቀረም ብዙ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱን የከፈተው በ1978 ነው።

እስቲ ሁለት ሰዎችን እናንሳ። አክሊሉ ለማ አሜሪካን አገር በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረዋል። በ1964 ዓድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዝያ ሲመራመሩ አንድ ነገር አዩ፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ወንዙ ውስጥ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተዋል። እንዶዱን እናቶቻችን ከጥንት ያውቁታል። «ለምን ሞቱ?» ብሎ መጠየቅ ግን የተማረ ዓይን ፈለገ። ሥራቸው በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘላቸው።

ገቢሳ እጀታ ደግሞ በ1973 ከዓለማያ ኮሌጅ ተመረቁ፤ በአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን በ1978 ያዙ። የያዙት ጉዳይ ግን የገበሬው ነበር፤ ማሽላና ማሽላን የሚያደርቀው አቀንጭራ። ቀድመው የሠሩትም ጎረቤት ሱዳን ሄደው ነው። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።

እንግዲህ ሦስቱን ሰዎች ስናስተያይ አንድ ነገር ይታየናል። የዲግሪያቸው ስም አይመሳሰልም፤ የተማሩበትም ቤት አይመሳሰልም። የሚያመሳስላቸው የማይለቃቸው ጉዳይ መኖሩ ነው። እኛ ግን የምንጀምረው ከስሙ ነው፤ «ማኔጅመንት ይሻላል ወይስ ኢኮኖሚክስ?» እንላለን።

«እንጀራስ?» የሚለን አይጠፋም። እውነቱን ነው። ያስተማረን ቤተሰብ እጃችንን እያየ ነው፤ ታናናሾቻችን ከኋላ ተሰልፈዋል። ሁለት ዓመት በማይሆን ትምህርት ማባከን የራሳችን ኪሳራ ብቻ አይደለም። እኛም የምንለው ለዚሁ ነው። ከ1964 ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ወጥተው ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኞቹም ያስተምሩ ነበር። ደንቡ ዛሬ የለም፤ ቁም ነገሩ ግን አላረጀም። ሥራ ያገኘን አንድ ሁለት ዓመት ሠርተን፣ ደመወዛችንን ለቤት አካፍለን፣ የሚያስቸግረንን ነገር ዓይተን ብንመለስ ምን እናጣለን? ያኔ ለማስተርስ ስናመለክት «ምን ልታጠና ነው?» ለሚለን መልስ ይኖረናል። ሲድስት ኪሎ ይሁን ከቦሌ ማዶ፣ ቦታውን ጉዳዩ ራሱ ይመርጥልናል።

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለቆሎ ተማሪ ብቻ አልነበረም።