መተኮስ በአገራችንና በሩቅ ምሥራቅ

በአገራችን በሽተኛን በጋለ ብረት መተኮስ የቆየ ልማድ ነው። የተተኮሱበት ጠባሳ ያላቸው ተማሪዎች ዛሬም አሉን። ቻይናውያን ግን በብረት ፈንታ የደረቀና የተወቀጠ ቅጠል ቆዳ ላይ አኑረው ወይም አስጠግተው ያነዳሉ፤ ተክሉም የአሪቲና የጭቁኝ ዘመድ ነው።

የጥበቡን ጥንታዊነት የሚያስረዳ የሐር ላይ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1973 በማዋንግዱይ ተገኝቷል፤ መቃብሩ የተዘጋው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 ነበር። በባታቪያ (በዛሬዋ ጃካርታ) የኖረው ሆላንዳዊ ቄስ ቡስኾፍም በዚሁ ሕክምና ሪሁ እንደ ተሻለው እ.ኤ.አ. በ1674 በታተመ መጽሐፉ ለአውሮፓ አስታወቀ።

እነዚህ ጽሑፎች የሕክምናውን ፈዋሽነት አያረጋግጡም፤ ታሪኩን ግን አቆይተውልናል። የእኛ ተኳሾች ዕውቀት በአብዛኛው በቃል የሚተላለፍ ነው። ስለዚህ ተማሪዎቻችን አረጋውያንን እየጠየቁ እንዲጽፉ እናድርግ። መጻፍ ማመን አይደለም፤ ያልተጻፈ ነገር ግን ለምርመራ አይመችም።